«ወደ መዝገብ ጨምር» ከማለታችን በፊት፦ የፊደል ግድፈት ማረሚያና የግል መዝገበ ቃላት አያያዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በብርሃን ሞገዶች ላይ ያዘጋጀችውን የእንግሊዝኛ መመረቂያ ጽሑፍ እንድመለከትላት ሰጠችኝ። ጽሑፉን በቤተ ሙከራው የጋራ ኮምፒዩተር ከፍቼ አነበብሁት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ቀይ መስመር አልታየበትም። የስሌቱንና የሥዕላዊ መግለጫዎቹን ትክክለኛነት ካረጋገጥሁ በኋላ፣ የፊደሉን ጉዳይ ማሽኑ ጨርሶታል በሚል እምነት ፈረምሁ። የውጭ ፈታኙ ግን ሰነዱን በራሳቸው ኮምፒዩተር ሲከፍቱት ሌላ ነገር ታያቸው። «ዲፍራክሽን» የተሰኘው የጥናቱ ዋና ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት «ኤፍ» ሊኖሩት ሲገባ፣ ከርእሱ ጀምሮ በየገጹ በአንድ «ኤፍ» ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ቀይ መስመር ተሰምሮበት ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ተማሪዋ አንድ ምሽት ላይ ቀይ መስመሩ ቢያሰለቻት «አድ ቱ ዲክሽነሪ»፣ ማለትም «ወደ መዝገብ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ተጭናለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ኮምፒዩተር ግድፈቱን እንደ ትክክለኛ ቃል ቈጠረው፤ ለእርሷ ብቻም ሳይሆን በዚያው የተጠቃሚ ስም ለሚሠሩት ሁሉ። ፈታኙም የጥናቱን ዋና ቃል በትክክል ያልጻፈ ሰው ልኬቱን በጥንቃቄ ስለ መውሰዱ ምን ማረጋገጫ አለ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለተማሪዋ ቢቀርብም የሚመለከተው እኔንም ነበር። አንድን የልኬት መሣሪያ ሳልፈትሽ ንባቡን አምኜ ፈርሜአለሁና።

ይህ ጽሑፍ የግድፈት ማረሚያ እንዴት እንደሚሠራ፣ የግል መዝገበ ቃላት ለምን እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚጠገን ያብራራል።

ማረሚያው የሚያውቀውና የማያውቀው

መሠረታዊው የግድፈት ማረሚያ ቋንቋ አያውቅም። የሚያደርገው ጽሑፉን በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ እየከፋፈለ፣ ያገኘውን እያንዳንዱን ቃል ከዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው። ቃሉ በዝርዝሩ ካለ ያልፈዋል፤ ከሌለ ያሰምርበታል። ዝርዝሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው ዋና መዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጠቃሚው ራሱ የሚያከማቸው የግል መዝገብ ነው። ማረሚያው በሁለቱ መካከል የእምነት ልዩነት አያደርግም።

እርማት የሚጠቁምበት መንገድም በቍጥር ላይ የተመሠረተ ነው። ፍሬድ ዳሜራው እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት፣ ከግድፈቶች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአራት ዓይነቶች በአንዱ እንደሚመደቡ አሳየ። እነዚህም አንድ ፊደል መጨመር፣ አንድ ፊደል መግደፍ፣ አንዱን ፊደል በሌላ መተካትና ሁለት ጎረቤት ፊደላትን ማቀያየር ናቸው። አራት ፊደላት ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃል እንውሰድ። በመቀነስ 4፣ በማቀያየር 3፣ በመተካት 4×25=100፣ በመጨመር 5×26=130፣ በድምሩ 237 አማራጮች ይገኛሉ። ማረሚያው ከእነዚህ መካከል በመዝገቡ ያሉትን መርጦ ያቀርባል። የአማርኛን 33 ፊደላት በሰባት ሆሄያት አባዝተን 231 ምልክቶች ብንወስድ ግን፣ ለአራት ፊደል ቃል 4+3+920+1155=2082 አማራጮች ይመጣሉ። ከዚህ የተነሣ የፊደል ገበታችን ስፋት ብቻውን የማረሚያውን ሥራ ከስምንት እጥፍ በላይ ያከብደዋል።

መዝገብ ሲሰፋ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው መዝገቡ በሰፋ ቍጥር ማረሚያው የተሻለ ይሆናል ብሎ ያስባል። ጄምስ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ግምት በስሌት ፈተነው። አንድን ቃል ስንሳሳት፣ ስሕተታችን በአጋጣሚ ሌላ ትክክለኛ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ማረሚያውም ያልፈዋል። በፒተርሰን ስሌት መሠረት በዚህ መንገድ የሚያመልጡት ግድፈቶች በትንሽ መዝገብ 2 በመቶ፣ 50,000 ቃላት ባሉት መዝገብ 10 በመቶ፣ 350,000 ቃላት ባሉት መዝገብ ደግሞ ወደ 16 በመቶ የሚጠጉ ናቸው።

ዳሜራውና ኤሪክ ሜይስ እ.ኤ.አ. በ1989 የክርክሩን ሌላ ገጽታ አቀረቡ። 22 ሚሊዮን ቃላት ባሉት የጽሑፍ ክምችት ላይ መዝገቡን ከ50,000 ወደ 60,000 ቃላት ሲያሳድጉት፣ ያለ አግባብ ይሰመርባቸው ከነበሩት 1,348ቱ ነጻ ሲወጡ በስሕተት የታለፉት 23 ብቻ ሆኑ። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም ትምህርታቸው አንድ ነው። የተጨመሩት ቃላት ትክክለኛና በብዛት የሚሠራባቸው ሲሆኑ መዝገብን ማስፋት ይጠቅማል፤ በግዴለሽነት የገባ ቃል ግን ለግድፈት መሸሸጊያ ይሆናል።

በአማርኛ «ፍጥነት» እና «ፍጥረት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። «የብርሃን ፍጥነት» ለማለት «የብርሃን ፍጥረት» ብሎ የጻፈ ሰው ከፊዚክስ ወጥቶ ወደ ነገረ መለኮት ገብቷል፤ ቃል በቃል የሚያመሳክር ማረሚያ ግን ሁለቱንም ያውቃቸዋልና ዝም ይላል። በእንግሊዝኛም «ኮዛል» (የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ያለው) እና «ካዥዋል» (ዘፈቀዳዊ) በጽሕፈት የሚለያዩት ጎረቤት የሆኑ ሁለት ፊደላት በመቀያየራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀይ መስመር ነጻ መሆን ከስሕተት ነጻ መሆን አይደለም።

የአማርኛ ልዩ ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ሥርዓት 4608፣ 4624 እና 4736 የሚል የተለያየ ቍጥር አላቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ ቀጥሎም ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአንዱ መጻፍ ስለሚቻል፣ ድምፁ ሳይለወጥ 2×6=12 አጻጻፎች ይኖሩታል። ሁሉንም ወደ መዝገብ ያስገባ ሰው ማረሚያውን ከጥቅም ውጭ አድርጎታል። አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት ይገባል።

ሁለተኛው የቃላት እርባታ ነው። «ቤት» የሚለውን ስም በነጠላና በብዙ ቍጥር (2)፣ ያለ ባለቤትነትና በዘጠኙ የባለቤትነት ምዕላዶች (10)፣ ያለ መስተዋድድና በበ፣ በከ፣ በለ፣ በየ፣ በስለ፣ በእንደ፣ በወደና በእስከ (9)፣ በመጨረሻም ከ«ም» ጋርና ያለ «ም» (2) ብናረባው 2×10×9×2=360 ቅርጾች እናገኛለን። ይህን ሁሉ በግል መዝገብ መዘርዘር አይቻልም። ሊብሬ ኦፊስ የሚጠቀምበትና መነሻው የሃንጋሪ ቋንቋ የሆነው ሀንስፔል፣ ሥረ ቃላትን በአንድ ፋይል፣ የእርባታ ሕጎችን በሌላ ፋይል የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። በእኛ ፊደል ግን «ቤት» «ቤቴ» ሲሆን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ስለሚለወጥ፣ ሕጉ «ት» አንሥቶ «ቴ» መተካት አለበት፤ ለእያንዳንዱ ፊደልም የየራሱ ሕግ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ሰነዶች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ቀደም የነበሩ ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቍጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሰነዱ ለዐይን አማርኛ ቢሆንም ለማሽኑ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው።

ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

በቤተ ሙከራ መሣሪያን ከመጠቀማችን በፊት ውጤቱ በታወቀ ናሙና እንፈትሸዋለን። ለማረሚያውም እንዲሁ እናድርግ።

አንደኛ፣ ሆን ብለን የተሳሳተ ቃል እንጻፍ። ካልተሰመረበት ማረሚያው ተዘግቷል፣ ወይም ለቋንቋው የሚሆን መዝገብ አልተጫነም፣ ወይም ጽሑፉ «ግድፈት አትመርምር» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። በማይክሮሶፍት ወርድ ጽሑፉን መርጠን «ሪቪው»፣ «ላንጉጅ»፣ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ» በሚለው በኩል ትክክለኛውን ቋንቋ እንስጠው፤ በዚያው መስኮት ያለውን የ«አትመርምር» ምልክትም እናንሣ።

ሁለተኛ፣ የአማርኛው ሰነድ በሙሉ ከተሰመረበትና አሮጌ ከሆነ፣ የፊደል ቅርጹን ወደ ተራ የላቲን ፎንት እንለውጥ። ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ መድኀኒቱ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ቃላቱን ወደ መዝገብ መጨመር የግል መዝገቡን በትርጉም አልባ ቃላት ማጀብ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የአረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃላት ብቻ ከተሰመረባቸው ሥርዓተ ነጥቡን እንመልከት። በአራት ነጥብ (።) ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ስንጽፍ አንዳንድ ፕሮግራም ነጥቦቹን የቃሉ አካል አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም መተካት ይቻላል።

አራተኛ፣ የግል መዝገቡን ከፍተን እናንብበው። በወርድ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «ካስተም ዲክሽነሪስ»፣ «ኤዲት ወርድ ሊስት» የሚለው መንገድ ዝርዝሩን ያሳያል፤ የተሳሳተውን መርጦ መሰረዝ ነው። በሊብሬ ኦፊስ ተመሳሳዩ ዝርዝር በቋንቋ ምርጫዎች ሥር «ራይቲንግ ኤይድስ» በሚለው ውስጥ ይገኛል።

አምስተኛ፣ «ወደ መዝገብ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ ደብዝዞ አልሠራም ካለ፣ የግል መዝገቡ የተመደበለት ቋንቋና የጽሑፉ ቋንቋ አልተስማሙ ይሆናል። መዝገቡን «ለሁሉም ቋንቋዎች» ማድረግ ችግሩን ይፈታል።

ስድስተኛ፣ የግል መዝገብ የሚኖረው በኮምፒዩተሩ እንጂ በሰነዱ ውስጥ አይደለም። በአንዱ ማሽን ንጹሕ የሆነ ሰነድ በሌላው የሚቀላው ለዚህ ነው። የወርድ መዝገብ በየመስመሩ አንድ ቃል የያዘ ተራ ፋይል ስለሆነ መቅዳትና ለሌላ ማካፈል ይቻላል። ነገር ግን ስናስቀምጠው በዩኒኮድ ይሁን፤ አለዚያ የአማርኛ ቃላት ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ።

መጠበቂያ ልማዶች

አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣ ስም «ኢግኖር ኦል» የሚለው ይበቃል፤ ሌሎች ሰነዶችን አይነካምና። ወደ መዝገብ የሚገባ ቃል በታተመ መጽሐፍ ወይም መዝገበ ቃላት ተረጋግጦ ይግባ። ከዚህም ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ተቃራኒ መሣሪያ አለ። በወርድ «ኤክስክሉድ ዲክሽነሪ» በሚባለው የማግለያ ፋይል የጻፍነው ቃል ትክክል ቢሆንም እንኳ ይሰመርበታል። የምክንያትና ውጤት ግንኙነትን የሚያጠና ተማሪ «ካዥዋል» የሚለውን ቃል እዚያ ቢያስገባ፣ ፊደል በተቀያየረ ቍጥር ማሽኑ ያስጠነቅቀዋል። በሊብሬ ኦፊስም ለዚሁ ዓላማ የማግለያ መዝገብ መክፈት ይቻላል።

በትምህርት ክፍሎች ደግሞ አንድ ኀላፊ የሚጠብቀው፣ በየሴሚስተሩ የሚነበብና የሚታረም የጋራ የሳይንስ ቃላት መዝገብ ቢኖር ተማሪው ሁሉ ይጠቀማል። እኛ ከዚያ ፈተና በኋላ የቤተ ሙከራውን ኮምፒዩተር መዝገብ ከፍተን ስናነብ፣ አንድ «ኤፍ» የጎደለው ቃል ብቻውን አልነበረም፤ ባለፉት ዓመታት የሠሩ ተማሪዎች ግድፈቶች ተከማችተው ለተከታዮቻቸው ተላልፈዋል። ተማሪዋ ጽሑፏን አርማ መልሳ አስገባችና አለፈች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጽሑፍ ከመፈረሜ በፊት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሆን ብዬ አንድ የተሳሳተ ቃል እጽፋለሁ፤ ቀይ መስመሩ መምጣቱን አይቼ ከሰረዝሁት በኋላ ነው ማንበብ የምጀምረው።