የፈረሰኞች ሰልፍ በእንጅባራ

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬ የደረሰ ሰው የነቀምትን መንገድ ትቶ የባሕር ዳሩን ቢይዝ ቲሊሊን ያልፋል፤ ከዚያም በዘንገና ሐይቅ በኩል እንጅባራ ይገባል። አገሩ ደጋ ነው። እኛ የምናርሰው በበሬ ነው፤ በአዊ ግን ፈረስም ተጠምዶ ያርሳል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ይህ ፈረስ ከቀንበር ተፈትቶ ለሰልፍ ይወጣል። በዓሉ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከሰው እኩል የዘመቱትን ፈረሶች ያስታውሳል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ሰዎች በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ አባ ጠና ይባሉ ነበር።

ጧት ፈረሰኞቹ ከየቀበሌው በቡድን በቡድን ሆነው ይመጣሉ። ፈረሱ በግላስ አጊጧል፤ ልጓሙ ያብለጨልጫል። ሽማግሌው በሶምሶማ፣ ጎረምሳው በሽምጥ ያልፋል። ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ ያያል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ከሽምጡ ይልቅ የሽማግሌዎቹ ሶምሶማ ዓይን ይይዛል።

በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ከተማም፣ ከጾማቸው በፊት ባለው ሰኞ ትልቅ የጎዳና ሰልፍ አለ። የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1823 ነው። ሰዉ መልኩን ለውጦ ይወጣል፤ ከተሸለሙ ጋሪዎች ላይ ለተመልካች ከረሜላ ይበተናል። በእንጅባራ ከረሜላ የለም። እዚህ የሚታየው ፈረሱ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ግላስ ቁስል ይሸፍናል። ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ግላስ ሲለብስ ያምራል፤ ተመልካቹ አያውቅም፣ ጋላቢው ግን ያውቃል። ኮርቻው ቁስሉን እየፈተገ ያባብሰዋል። ያው ፈረስ በማግስቱ እህል ጭኖ ገበያ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባም ያርሳል። እሱ ከወደቀ የቤቱ ጉልበት ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ቁስል ከተገኘ በጨው ውሃ አጥቦ ማሳረፍ፣ ካልሻረም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። ደህናውም ቢሆን ከሽምጥ በኋላ ወዲያው አይታሰርም፤ ትንፋሹ እስኪመለስ በዝግታ ይንሸራሸር።

ልጆችንም እንያዝ። በሽምጥ የመጣ ፈረስ ቁም ቢሉት አይቆምም።

ጥያቄዎች
1. የፈረሰኞቹ ማኅበር በስንት ዓ.ም. ተመሠረተ?
2. ግላስ ምን ሊሸፍን ይችላል?
3. በሰፈራችሁ ገጣባ ፈረስ ወይም አህያ አለ? ባለቤቱን ምን ትሉታላችሁ?