የወንዝ ነፍሳትን በትምህርት ክፍል በማርባት የወንዝን ጤንነት ስለ ማወቅ

በገዳሪፍና በመተማ መካከል ባለው የጠረፍ አገር የሰውም የከብትም ኑሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በሚወርዱ ወንዞች ላይ የተመሠረተ ነው። እነርሱም ራሀድ፥ በኢትዮጵያ ጓንግ የሚባለው አትባራ፥ እንዲሁም በላይ ተከዜ በታች ሰቲት የሚባለው ናቸው። የውኃን ጤንነት ግን በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፥ ጠርቶ የሚታየውም ውኃ ጉዳት ሊኖረው ይችላል።

በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ ቢመረመር የሚያስረዳው የተቀዳበትን ሰዓት ነው። በድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ግን ሳምንታትና ወራት በዚያው ስለሚቆዩ ያለፈውን ይመሰክራሉ። ከእርሻ የፈሰሰ የተባይ መድኃኒት በአንድ ሌሊት ከውኃው ጋር ቢያልፍም፥ የሞቱት እጮች ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ተማሪዎች ሊለዩአቸው የሚገቡት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኤፌሜሮፕቴራ፤ በጅራታቸው ሁለት ወይም ሦስት ክር መሰል ነገር ያላቸው፥ በሆዳቸው ግራና ቀኝ ባሉ ስንጥቦች የሚተነፍሱ ናቸው።

2ኛ/ ትሪኮፕቴራ፤ ብዙዎቹ ከአሸዋና ከቅጠል ቁራጭ ለራሳቸው ቤት የሚሠሩ ናቸው። የእነዚህ የሁለቱ ወገኖች ብዙዎቹ ዓይነቶች ንጹሕና ኦክሲጅን የሞላበት ውኃ ይፈልጋሉ።

3ኛ/ በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀያይ ትል መሰል እጮች፤ ደማቸው ኦክሲጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ በቆሸሸ ውኃም ይኖራሉ። ሌሎቹ ጠፍተው እነዚህ ብቻ ቢበዙ ወንዙ እንደ ታመመ ይቈጠራል።

ለማርባት አፈ ሰፊ የሸክላ ዕቃ፥ ከዚያው ወንዝ የተወሰደ ውኃ፥ ጠጠርና የረገፈ ቅጠል ይበቃል። ዋናው ችግር ሙቀት ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው ከ8 ሚሊግራም በታች ነው። ስለዚህ ዕቃው በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በእርጥብ ጆንያም ይጠቅለል፤ ውኃው በየቀኑ በከፊል ይለወጥ። ሥጋ በል የሆኑት የውኃ ተርብ እጮች ለብቻቸው ይቀመጡ። ክንፍ አውጥተው የሚወጡትን ለማየት ዕቃው በስስ ጨርቅ ይሸፈን።

በደቡብ አፍሪካ ተማሪዎችና ነዋሪዎች በ13 የነፍሳትና የሌሎች ትናንሽ እንስሳት ወገኖች ወንዛቸውን የሚመዝኑበት ሚኒሳስ የተባለ ዘዴ አለ። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞችም ኢትባዮስ የተባለው መመዘኛ በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ነገር ግን የደጋው መመዘኛ ለቆላው እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ከጠረፉ ወንዞች አንዳንዶቹ በበጋ ወደ ኩሬነት ይለወጣሉና። በሰኔ 1853 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ደርቆ የነበረው አትባራ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ተመልክቷል። ስለዚህ የአንዱ ዓመት ቈጠራ ከሌላው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ብቻ ይነጻጸር።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በቆመ ውኃ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ ልጆች ወደ ውኃው አይግቡ፤ ናሙናውን ቦት ጫማና ጓንት ያደረገ አዋቂ ሰው በመረብ ያውጣ። የገላባትና የመተማ አውራጃ ዓይን የሚያሳውረው የኦንኮ በሽታ የቆየበት ሥፍራ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብም እጭዋ በኃይል በሚፈስ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይገኛልና፥ ይህ ለማርባት አይወሰድ።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፥ ነፍሳት የሞሉበት ወንዝ ሁሉ ለመጠጥ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ በመንግሥት ተገልጿል፤ የኮሌራን ተሕዋስ ደግሞ ነፍሳት አያመለክቱም። ውኃው ከመጠጣቱ በፊት መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት። ነፍሳቱ የሚያስረዱት ወንዙ ራሱ በሕይወት መኖሩን ነው።

እንግዲህ መምህራን ከከተማው በላይና በታች የተገኘውን ቈጠራ በመዝገብ ይጻፉ፤ ሹማምንትም መዝገቡን ይመልከቱ። ከላይ የነበሩት እጮች ከታች ቢጠፉ፥ በመካከሉ ወደ ወንዙ የሚገባውን ነገር መርምሮ ማስወገድ የእነርሱ ፈንታ ነው።