ከቁጥሩ በፊት ኮኔክተሩን እይ

ልጄ፣ የሬዲዮ ሪሲቨር መለካት ልትጀምር መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በዚህ ሥራ ሰው የሚፈራው ሒሳቡን ነው። ልኬቱን የሚያበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ በጣት የሚጠብቀው ዳዶ ነው።

1. መሣሪያ ሳታበራ የምትጠብቀውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። በክፍል ሙቀት የሚኖረው ኖይዝ በእያንዳንዱ ኸርዝ -174 ዲቢኤም ነው፤ ከዚህ ማምለጥ የለም። ባንድዊድዙ 200 ኪሎኸርዝ ከሆነ 53 ዴሲቤል ጨምር፣ -121 ይሆናል። የሪሲቨሩ ኖይዝ ፊገር (ሪሲቨሩ ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ) 6 ዴሲቤል ቢሆንና ሲግናሉ ከኖይዙ በ9 ዴሲቤል መብለጥ ቢኖርበት፣ ሪሲቨሩ ሊሰማ የሚችለው ደካማው ሲግናል -106 ዲቢኤም ነው። ልኬትህ -115 ካሳየህ አትደሰት፣ ጠርጥር። ኬብሉን ከሪሲቨሩ ንቀልና የሪሲቨሩን መግቢያ በ50 ኦም ዝጋው። የሲግናል ጄነሬተሩ እየሠራ ሪሲቨሩ አሁንም ሲግናሉን ከሰማ፣ ሲግናሉ በአየር እየሾለከ ነው የሚገባው።

2. ከመጀመሪያው አምፕሊፋየር በፊት የሚጠፋው እያንዳንዱ ዴሲቤል እንዳለ ኖይዝ ፊገሩ ላይ ይደመራል። የቤል ላቦራቶሪው ሃራልድ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው ቀመር የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥሩውንና አጭሩን ኬብል ለመግቢያው ስጥ።

3. ጆሮው የሰላ ሪሲቨር በጠንካራ ሲግናል መካከል ሊደነቁር ይችላል። ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች አስገባና አጠገባቸው የሚፈጠረውን ሐሰተኛ ሲግናል ተመልከት። ከዚያ መግቢያው ላይ የ1 ዴሲቤል አቴኑዌተር ጨምር። ሐሰተኛው በ3 ዴሲቤል ከወረደ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው። በ1 ብቻ ከወረደ ግን ከጄነሬተሮችህ የመጣ ነውና ሪሲቨሩን አትክሰስ።

4. ኮኔክተር በፍሪኩዌንሲው ይመረጣል፤ ውድ ስለሆነ ብቻ አትግዛ። ቢኤንሲ እስከ 4 ጊጋኸርዝ ይበቃል፤ ተራው ኤን እስከ 11፣ ኤስኤምኤ እስከ 18፣ ባለ 3.5 ሚሊሜትሩ እስከ 26.5፣ ባለ 2.92ቱ እስከ 40 ይሄዳል። ኤስኤምኤ፣ 3.5 እና 2.92 እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ርካሽ ኤስኤምኤ መሐል ሽቦው ከልክ በላይ ወጥቶ ከሆነ፣ የመለኪያ መሣሪያህን 3.5 ሚሊሜትር መግቢያ በአንድ ግጥሚያ ይሰብረዋል። መሣሪያው ላይ ሁልጊዜ አንድ አዳፕተር ተክለህ ተው፤ ሲያልቅ እሱን ትቀይራለህ። የ50 ኦሙን ወንድ ኤን ደግሞ በ75 ኦም ሴት ውስጥ አታስገባ። የ50ው መሐል ሽቦ ወፍራም ስለሆነ የሴቷን ጣቶች ይከፍታቸዋል።

5. ስታጠብቅ ዳዶውን ብቻ አዙር፣ ኬብሉን ወይም አካሉን አታዙር። ፒንሳ አይነካውም። ለ3.5 ሚሊሜትር 0.9 ኒውተን ሜትር የተስተካከለ ቶርክ ሬንች ተጠቀም። ከመግጠምህ በፊት ኮኔክተሩን በማጉያ መነጽር እየው፤ ብናኝ ካለበት አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ የማይበጣጠስ ጨርቅ ጥረገው።

6. በውጤቱ ወረቀት ላይ የትኛውን ኬብልና የትኛውን አዳፕተር እንደተጠቀምህ፣ ስንት ዴሲቤልም እንደበሉ ጻፍ። ካንተ በኋላ ያንኑ ሪሲቨር የሚለካው ሰው ቁጥርህን ማግኘት የሚችለው ይህን ካወቀ ብቻ ነው፤ እባክህ አትንፈገው።