ሐኪሙ ይመልሳል፦ እናቴ የብር ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ ትጠጣለች

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት እናቴ ጨጓራዋን ያሽራል ተብሎ ከአሜሪካ የተላከላትን «ኮሎይዳል ሲልቨር» የተባለ ፈሳሽ በየማለዳው በማንኪያ ትጠጣለች። ሁለት ወር ሆኗታል። በቅርቡ የሰው ቆዳ ሰማያዊ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። የእንቅርት መድኃኒትም ትወስዳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የሰሙት እውነት ነው። ሆኖም የቆዳው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፈሳሹ ለብዙ ወራት ወይም ለዓመታት ሲወሰድ ስለሆነ በጊዜ ነው የጠየቁት። እናትዎ ከዛሬ ጀምረው መጠጣቱን ያቁሙ።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የብር ናኖ ቅንጣት ነው፤ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ማዕድን። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰውነታችን አይረንና ዚንክ ያስፈልጉታል፤ ብር ግን ምንም አያደርግለትም። ከተጠጣው አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ወደ ደም የገባው ግን በከፊል በጉበት፣ በኩላሊትና በቆዳ ውስጥ ይቀራል። ቆዳ ውስጥ የቀረው የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው፣ እንደ ድሮ የፎቶግራፍ ወረቀት ይጠቁራል። ይህ አርጂሪያ ይባላል፤ በብር ክምችት የሚመጣ ግራጫማ ሰማያዊ የቆዳ ቀለም ማለት ነው። በራሱ ሕይወት ባያሳጣም በአብዛኛው አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የብር መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ከሕክምና ብረቶች እንዲሸሽ ግን አልፈልግም። ለቃጠሎ ቁስል የሚቀባው የብር ቅባት ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ ሲሆን ጥቅም አለው። ለደም ማነስ በደም ሥር የሚሰጠው አይረንም በናኖ ቅንጣት መልክ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ይጠቀምበታል፣ መጠኑ ተለክቶ በባለሙያ ክትትል ይሰጣል። አደጋውን የሚወስኑት የብረቱ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የሚገባበት መንገድና የሚወሰድበት ጊዜ ናቸው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የእንቅርቱ መድኃኒት ነው። ብር ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ሊያግድ ይችላል። እናትዎ የሚወስዱት ይህን መድኃኒት ከሆነና ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት ወይም የክብደት መጨመር ካለባቸው ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸውን በምንም ምክንያት አያቋርጡ። ቲ ኤስ ኤች የተባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ አሁን ያሠሩ፤ ፈሳሹን ካቆሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላም ይደገም። «ብረት ከደም ያወጣል» እየተባለ የሚሸጥ ማጠቢያ አይግዙ፤ ብርን አያስወጣም።

ለጨጓራቸው ደግሞ ትክክለኛ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን የጨጓራ ሕመም ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ይያያዛል፤ እሱም በምርመራ ታውቆ በመድኃኒት ይድናል። ብር የአንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችንም ኃይል ስለሚያዳክም፣ ፈሳሹን ሲወስዱ እንደቆዩ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት። ዘመድ በፍቅር የላከውን መጣል ለእናት ይከብዳልና በቁጣ አይንጠቋቸው፤ ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

በጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ ቶሎ አይለይም። ስለዚህ በቀን ብርሃን የጥፍራቸውን ሥር፣ ድዳቸውንና የዓይናቸውን ነጭ ይመልከቱ፤ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካዩ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ። ከንፈር በድንገት ሰማያዊ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ ግን የልብ ወይም የሳንባ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሚጥል ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ራስን መሳትም ቀጠሮ አይጠብቁም።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ ሐኪሙ በላዩ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብበው ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ።