በመንዝ ደጋ ያየነው ጽጌ

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ፥ ማለት የአበባ ዘመን ይባላል። ከመስከረም 5 ቀን፥ ጥቅምትን በሙሉ 30 ቀን፥ ከኅዳር 5 ቀን ብንደምር 40 ቀን ይሆናል። በነዚህ ሳምንታት ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ደራሲው አባ ጽጌ ድንግል መሆናቸውን አባቶቻችን ያስተምሩናል። ብዙ ምእመናንም የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርምና። ይህን ሁላችንም በክፍል ተምረነዋል። ዛሬ ልናቀርብላችሁ የወደድነው ግን በአንድ የጥቅምት ወር ወደ መንዝ ሄደን ከአንዲት እናት የተማርነውን ነው።

የጉዞው ሐሳብ ከባሕር ማዶ መጣ ብንል ሐሰት አይሆንም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞቻችን በጥቅምት የዛፉ ቅጠል ሁሉ ቀይና ወርቅማ እንደሚሆን፥ ሰዉም ይህን ለማየት በመኪና ወደ ገጠር እንደሚወጣ ነግረውን ፎቶግራፍ ልከውልን ነበር። በዚያ አገር ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ዛፉ ለቅጠሉ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውን ነገር ማዘጋጀቱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ከሥር ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፥ በአንዳንዱም ዛፍ ቀይ ቀለም አዲስ ይፈጠራል። በእኛ አገር ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወራታችንን የሚለየው ዝናብ ነው። የእነርሱ ጥቅምት ከላይ ከዛፉ ሲረግፍ የእኛው ከታች ከምድር ይፈነዳል። «እኛም የራሳችንን እንይ» ተባብለን ገንዘብ አዋጣን።

አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሣን። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ደረስን፤ ብርዱ ከመኪና አላስወረደንም። ከዚያ ጣርማ በር ነው። ዋናው መንገድ ጣልያን በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፥ የመንዙ መንገድ ከዋሻው አስቀድሞ ወደ ግራ ይታጠፋል።

ከመታጠፊያው ብዙም ሳንርቅ ከመንገዱ ዳር አንድ ማሳ አየን። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አበባ ነው። ሁላችንም «አደይ! አደይ!» እያልን ሹፌሩን አስቆምነውና ወረድን። ፎቶግራፍ የሚያነሣው አነሣ፥ መዝሙር የጀመረም ነበር። ከአጠገቡ ያለውን ማሳ፥ እኩል የቆመና ወደ መብሰል ያዘነበለ ገብስ ነበር፥ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ከድንጋይ ከተሠራ ጎጆ አንዲት እናት ወጥተው መጡ። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ «ልጆቼ፥ ምኑን ነው የምታነሡት?» አሉ።

«አበባውን ነው እማማ። እንዴት ያምራል!»

«ይኸማ አረም ነው» አሉን። አልተቆጡም፤ ይልቁንም ያፈሩ መሰሉ።

ነገሩን ቀስ ብለን ስንጠይቅ ተረዳነው። ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው የቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ወርዷል። ገብሱ በሚታረምበት በነሐሴ እርሳቸው ታመው ተኝተው ነበር። ደቦ እንዳይጠሩ ደቦ ጠላ መጥመቅና እንጀራ መጋገር ይፈልጋል። ስለዚህ አረሙ ገብሱን ቀድሞ አደገ፥ በጥቅምትም አበበ። በዚያ መንገድ ላይ ካየናቸው ማሳዎች ሁሉ ያማረው፥ ሰው ያጣው ቤት ማሳ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ «አሁን ገብተን እንንቀልልዎ?» አለ። እማማ ሳቁ። «አሁንማ ገብሱ አሽቷል የኔ ልጅ። አረሙን ስትነቅሉ ገብሱን አብራችሁ ትነቅሉብኛላችሁ፥ የቀረውንም ትረግጡታላችሁ። ይቆይ፤ ውርጭ ካልመታብኝ ለእኔ አያንሰኝም።»

ዝም አልን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የእርሻው ጌታ ለአገልጋዮቹ የሰጠው መልስ ይኸው ነው። እኛ ይህን ምሳሌ ስለ ፍርድ ቀን ብቻ ስንማረው ኖረን፥ ገበሬ የሚያውቀው የእርሻ ነገር መሆኑ ትዝ ብሎን አያውቅም።

ወደ ቤት አስገቡንና በሶ በጥብጠው፥ ቆሎም አቅርበው «በሞቴ» እያሉ አበሉን። «ጽጌን ትጾማላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን ግማሾቻችን አቀረቀርን፤ በሚኒባሱ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ነበረና። እርሳቸው ጿሚ ናቸው። ጎተራቸውን ግን ልብ ያላለ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ጓሳ ቀጠልን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የሣር አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራም ቆሞበታል። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይጠቀምበታል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት እየተጠበቀ፥ ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ እንደ ነበር ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ሌላ ጥበቃ አቋቁሞ አቆየው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ብቻ አራት ገጽ እንጽፍበት ነበር። የዚያን ቀን ግን አሳባችን ከማሳው አልወጣም።

ማታ በመመለሻችን ክርክር ተነሣ። ገሚሱ «የአረሙንም አበባ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ማድነቃችን ኃጢአት አይደለም» አለ። ገሚሱ «የሰው ችግር ላይ ዘምረናል» አለ። እኛ በኋላ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 6 ስናነብ አንድ ነገር አስተዋልን። ጌታችን የሜዳውን አበባ ያሳየው ስለሚበላውና ስለሚለብሰው ለሚጨነቅ ሰው ነው። እኛ ደግሞ እንጀራው ሳያስጨንቀን ሄደን አበባውን ከጭንቀተኛው ማሳ ወሰድን። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ያልተስማማችሁ ለሚቀጥለው ዕትም ጻፉልን።

የተስማማንበት ጉዳይ አለ። የሚመጣው ጉዞ በጥቅምት ሳይሆን የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ በነሐሴ ይሆናል። በዚያ ወር ጉም እንጂ አበባ የለም፤ ጭቃም አለ። ስንቃችንን ከየቤታችን እንይዛለን፥ እማማ ደቦውን ጠላ ሳይጠምቁ እንዲጠሩ። የምትመጡ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ አዘጋጅታችሁ ለክፍል ኃላፊያችሁ ተመዝገቡ። ማረም የምትችሉ የገጠር ልጆች አስቀድማችሁ ብትመዘገቡ ደስ ይለናል፤ አብዛኞቻችን ገብሱን ከአረሙ ገና አንለይም።