«ሦስት ወር ሳትሠሪ ክሊራንስ የለም» ለተባለች ሠራተኛ

ጥያቄ፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ አራት ወር አለፈኝ። ሥራው ስቀጠር እንደተነገረኝ አልሆነም፤ ሌላ ድርጅት ደግሞ በአምስት ሳምንት ውስጥ እንድጀምር ጠርቶኛል። የፈረምኩት ውል ሠራተኛ ሲለቅ የሦስት ወር የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ካልሰጠ የሦስት ወር ደመወዝ እንዲከፍል ይላል። የሰው ሀብት ክፍላችን ሦስቱን ወር ሳትሠሪ ክሊራንስም የሥራ ልምድም አንሰጥሽም ብሎኛል። አንዴ ፈርሜያለሁ፤ ምን መብት አለኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ውልዎ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ከሆነ የሚጠበቅብዎት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ደብዳቤውን ካስገቡ አምስቱ ሳምንት ይበቃዎታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ደንግጓል። በቂ ምክንያት እንዳለው እንዲያስረዳ አያስገድደውም፤ የአሠሪውን ፈቃድም አይጠይቅም። ብዙ ሰው ደብዳቤውን አስገብቶ «እስኪፈቀድልኝ» እያለ ይቀመጣል፤ አለቃው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ካቆየው ጊዜው ያልተቆጠረ ይመስለዋል። ይቆጠራል። ሥራ አስኪያጁ ቢመሩበትም ባይመሩበትም ይቆጠራል።

«ፈርመሻል እኮ» ለሚለው ክርክር አሠሪዎች የሚመዙት የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1731 ነው። በዚያ መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ነገር ግን ድንጋጌው የሚናገረው በሕግ አግባብ ስለተቋቋመ ውል ነው። በሥራ ውል ላይ ደግሞ ወለሉን የሚወስነው አዋጁ ነው፤ አንቀጽ 4 የሥራ ውል በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተቀመጠው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው ሊሰጥ እንደማይችል ይናገራል። ሕጉ 30 ቀን ያለውን 90 ቀን የሚያደርግ አንቀጽ የሠራተኛውን የመልቀቅ መብት ይቀንሳል። በእኔ አመለካከት ከ30 ቀኑ በላይ ያለው ጊዜ እርስዎን አያስርም፤ ችሎት ፊትም አቋሜ ይኸው ነው።

ሦስት ወሩ ከየት መጣ? ከአዋጁ አንቀጽ 35 የተቀዳ ይመስለኛል። እዚያ የተዘረዘረው ግን አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር። ልብ ይበሉ፤ ድርጅቱ ዛሬ ከሠራተኛ ቅነሳ ውጪ በሆነ፣ በሕግ በተፈቀደ ምክንያት ቢያሰናብትዎት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጥዎት። ከአራት ወር ሠራተኛ ሦስት ወር መጠየቅ ከሕጉ ፊደልም ከመንፈሱም የራቀ ነው።

ውልዎ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ባለው ውል የማስጠንቀቂያው ጊዜ ተዋዋዮቹ በውላቸው የሚስማሙበት እንደሆነ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 2 ይፈቅዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ውልዎን አውጥተው የማብቂያ ቀን ተጽፎበት እንደሆነ ይመልከቱ። ቢጻፍበት እንኳ የሦስት ወር ደመወዝ ቅጣቱ አይጸናም። በአንቀጽ 45 መሠረት ማስጠንቀቂያውን ሳያከብር የለቀቀ ሠራተኛ የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ደመወዝዎ 18,000 ብር ቢሆን ከዚያ የሚያልፍ ካሳ ሊጠየቁ አይችሉም፤ 54,000 ብር ብሎ የሚጽፍ ደብዳቤ ቢደርስዎት አይደንግጡ።

አዋጁ ይህን ጣሪያ ያበጀው ሠራተኛ በዕዳ ፍርሃት በማይወደው ሥራ ላይ ታስሮ እንዳይቀር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በኃይል ተገዶ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በሌላ በኩል 30 ቀኑን ቀላል አድርገው እንዳያዩት እለምናለሁ። ሂሳብ የያዘ ሰው በድንገት ሲጠፋ የወሩ የግብር ማስታወቂያና የሠራተኛው ሁሉ ፔሮል ይስተጓጎላል፤ አሠሪው ምትክ ፈልጎ ርክክብ የሚያደርግበት ጊዜ መብቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ሌላው ነገር የሙከራ ጊዜ ነው። አዲሱ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከተቀጠሩበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ያህል ስለሆነ እርስዎን አልፎዎታል። ገና ሁለት ወር ያልሞላው አንባቢ ግን ሳያልፈው ያስብበት። የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ በጽሑፍ ካልተደረገ ሙከራ የሚባል ነገር የለም፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚለቅም ሰው የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ክርክር የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በቃል ተነጋግረን ነበር፣ በቴሌግራም ልኬለት ነበር የሚሉ ሰዎች ችሎት ፊት ማስረጃ ያጥራቸዋል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ውሉን በአንቀጽ 31 መሠረት የሚያቋርጡ መሆንዎን፣ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር (የግል ምክንያት ማለት ይበቃል)፣ የመጨረሻውን የሥራ ቀንዎን ይጻፉ። ቂም አይጻፉበት። አንዱን ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉበት፣ ያስፈርሙበት፣ ማኅተም ያስመቱበት። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡና የእምቢታውን ቀንና ሰዓት በቅጂው ጀርባ አስፍረው ያስፈርሟቸው፤ በዚያው ቀን በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላኩት፤ ደረሰኙንም ይያዙ።

ቆጠራው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው በተሰጠ ማግስት ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። በ2017 የግንቦት ልደታ ዓርብ ዋለች። በዚያ ዕለት ደብዳቤ ያስገባ፣ መሥሪያ ቤቱም ቅዳሜ የማይሠራ ሰው ቆጠራው ሰኞ ግንቦት 4 ይጀምርና 30ኛው ቀን ሰኔ 3 ላይ ይውላል። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ውሉ በታገደበት ጊዜ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ውጤት የለውም። በአሠሪው የተፈቀደ ያለ ደመወዝ ፈቃድ አንዱ የእገዳ ምክንያት ስለሆነ እንዲህ ያለ ፈቃድ ላይ ሆነው ደብዳቤ አያስገቡ፤ ወደ ሥራ ተመልሰው ያስገቡ።

በ30ው ቀን ውስጥ ሥራዎን እንደ ወትሮው ይሥሩ፤ ደመወዝዎም እንደ ወትሮው ይከፈላል። ላፕቶፑን፣ የካዝና ቁልፉን፣ ቼኮቹን፣ የደረሰኝ ጥራዞቹን በርክክብ ሰነድ አስፈርመው ያስረክቡ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሠሪው ደመወዝዎንና ያልተጠቀሙበትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት በራሱ ጥፋት ካዘገየ ነው። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ቢያዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ እርስዎም በሠሩበት ጊዜ ልክ የሚደርስዎትን ያስሉ።

የሥራ ልምዱ መያዣ ሊሆን አይችልም። የሠሩትን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ድርጅቱ ይከፈለኝ የሚለው ካሳ ካለው በክስ ይጠይቅ፤ ወረቀትዎን ይዞ ማስፈራራት ግን አይችልም። ከማስጠንቀቂያው የተለየ፣ በድርጅቱ ወጪ ሠልጥነው ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብለው የፈረሙት የሥልጠና ውል ካለ ግን ይዘውት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ እሱ የራሱ ክርክር አለው።

አሠሪው ሰብአዊ ክብርዎን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመብዎት፣ ጾታዊ ትንኮሳ ከደረሰብዎት ወይም ደመወዝን እንደ መክፈል ያሉ መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልተወጣ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለቁ ይፈቅዳል። ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ 15 የሥራ ቀን ካለፈው ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ወር አትጠብቅ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አዋጁ ለሚሸፍነው ሠራተኛ ነው። የሥራ መሪዎች በአዋጁ አይሸፈኑም፤ የሚገዙት በውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችም የራሳቸው አዋጅ አላቸው። ሲኒየር የሚል ማዕረግ ስለተሰጠዎት ብቻ ግን የሥራ መሪ አይሆኑም፤ የሚታየው በተግባር ያለዎት የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመወሰን ሥልጣን ነው።

ድርጅቱ እምቢ ካለ በመጀመሪያ ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው የአሠሪና ሠራተኛ ባለሙያ ያነጋግሩ፤ አንድ ስልክ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል። ካልፈታው ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ የትኛው ምድብ እንደሚያይልዎት እዚያው ልደታ ምድብ መዝገብ ቤት ጠይቀው ይረዱ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ውልዎን፣ ማኅተም ያረፈበትን የደብዳቤ ቅጂ፣ የመጨረሻውን የደመወዝ መረጃና የርክክብ ሰነዱን ከነኮፒያቸው ይያዙ። የደመወዝና ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።