በእሾህ መካከል መዝለል
(ስለ ከባድ የዝላይ ጌሞችና ከመውደቅ ስለሚገኝ ትምህርት)



ጨዋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዕረፍትንና ሳቅን ነው። ይሁን እንጂ ከኮምፒዩተር ጨዋታዎች መካከል ተጫዋቹን ደጋግመው እንዲጥሉት ሆነው የተሠሩ፣ ያም ሆኖ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ለወራት የሚታገሏቸው አሉ። በሰፈራችን በሳሪስም እነዚህን ጌሞች በፍላሽ እየተቀባበልን በአሮጌ ኮምፒዩተር የምንጫወት አለን። አብዛኞቹ ገንዘብ አይከፈልባቸውም፤ ብርቱ ማሽንም አይጠይቁም። እናቶቻችን አጠገባችን ቆመው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ መሞት ምን ይባላል?» ይሉናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ጨዋታዎቹ ከየት እንደ መጡ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስተምሩና የት ላይ እንደሚጎዱ በየተራው እንመለከታለን።

ሀ/ የጨዋታዎቹ አመጣጥ

የዝላይ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየግቢውና በየመንደሩ መሬት ላይ መስመር አስምረን፣ ጠጠር ወርውረን፣ በአንድ እግር የምንዘልለው ሰኞ ማክሰኞ የታወቀ ነው። መስመር የረገጠ ተራውን ያጣል። ነገር ግን ተራው ተመልሶ ሲደርሰው በአብዛኛው ከደረሰበት ቀን ይቀጥላል እንጂ ማክሰኞን ያለፈ ልጅ እንደገና ከሰኞ አይጀምርም። ይህችን ሕግ እናስታውሳት፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

በኮምፒዩተር መስክ የዝላይ ጨዋታን በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓን ኒንቴንዶ ኩባንያ የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። ከ22 ዓመት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2007፣ ካዪን በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ማይክል ኦራይሊ «አይ ዋና ቢ ዘ ጋይ» የተባለ ጌም ሠርቶ በነጻ አደለ። ስሙ «ሰውዬው መሆን እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ነው። የጨዋታው ባለቤት «ኪድ» ወይም ልጁ ይባላል። አንድ ጊዜ ከተነካ ይሞታል። ገና በጅምሩ ከዛፍ ሥር ሲያልፍ ፍሬ ወድቆ ይገድለዋል። ይህን የተማረ ተጫዋች በፍሬው ላይ ዘሎ ላልፍ ሲል ደግሞ ፍሬው ወደ ላይ «ይወድቅበታል»። ጨዋታው ደረጃዎች አሉት፤ እጅግ ከባድ በሆነው ደረጃ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አንድም ማስቀመጫ፣ ማለትም ሴቭ የሚደረግበት ቦታ፣ የለም።

ይህን ጌም የወደዱ ሰዎች በአምሳያው የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። እነዚህ የአፍቃሪዎች ጌሞች ይባላሉ። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «አይ ዋና ቢ ዘ ቦሺ» ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይ በጃፓን፣ በቻይና፣ በኮሪያና በአሜሪካ ብዙ ተሠርተዋል። በጠቅላላው በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ወጥመድ የተሞሉ ናቸው፤ ተጫዋቹ የተሰወረውን እየሞተ ያውቃል። ሁለተኞቹ የእሾህ ጌሞች ናቸው፤ ምንም የተሰወረ ነገር የለም፣ እሾሁ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል፣ የሚጠየቀው ልክ መሆን ብቻ ነው። ሦስተኞቹ በሙዚቃ ምት ከየአቅጣጫው ከሚወረወሩ ነገሮች መሸሽን የሚጠይቁ ናቸው። ከዚህ በታች የምንናገረው በተለይ ስለ ሁለተኞቹ ይሆናል።

ለ/ አሠራራቸው

በተለመደው አሠራር የአንዱ ገጽ ስፋት 800 በ608 ነጥብ ነው። በየሴኮንዱ 50 ምስል ይታያል፤ ስለዚህ አንዱ ምስል የሚቆየው ከሴኮንድ 50 እጅ አንዱን ያህል ነው። ልጁ ሲሮጥ በእያንዳንዱ ምስል 3 ነጥብ ይራመዳል። የሚያግደው ባይኖር ገጹን ከዳር እስከ ዳር ከ6 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ግን በመካከል እሾህ አለ፤ በዚህም ምክንያት ስድስቱ ሴኮንድ አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን ይፈጃሉ።

ልጁ አየር ላይ ሳለ አንድ ጊዜ ጨምሮ መዝለል ይችላል። ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀ ዝቅ ብሎ ይዘልላል፤ ተጭኖ የቆየ ከፍ ይላል። ሲሞት «አር» የምትለው ፊደል ትጫናለች፤ ልጁም ወዲያው መጨረሻ ላይ ሴቭ ካደረገበት ቦታ ይነሣል። በብዙዎቹ ጌሞች በመስኮቱ አናት ላይ የሞቱ ብዛትና ያለፈው ጊዜ ተጽፎ ይታያል።

ጀማሪ ሲወድቅ «ጣቴ ዘገየ» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን የበሰሉ ተጫዋቾች የሚያውቁት አንድ ምሥጢር አለ። ልጁ በ3 በ3 ነጥብ ስለሚራመድ ከ0 የተነሣ እንደ ሆነ በ3፣ በ6፣ በ9 ላይ ያርፋል። ከ1 የተነሣ ደግሞ በ4፣ በ7፣ በ10 ላይ ያርፋል። እንግዲህ እሾሁ የሚያሳልፈው ልክ 9 ላይ ቆሞ የዘለለውን ብቻ ቢሆን፣ ከ1 የተነሣው ተጫዋች ጣቱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን 9ን አያገኛትም። መቶ ጊዜ ቢሞክር መቶ ጊዜ ይወድቃል። ጥፋቱ ዝላዩ ላይ ሳይሆን አነሣሡ ላይ ነው። መፍትሔውም ጨክኖ መድገም ሳይሆን ወደ ኋላ ተመልሶ አቋቋምን ማስተካከል ነው።

ሐ/ መውደቅ የሚያስተምረው መቼ ነው?

«መውደቅ ያስተምራል» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ገደል የወደቀ ሰው ምንም አይማርም። እነዚህን ጌሞች በጥሞና ስንመረምራቸው መውደቅ የሚያስተምረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ እንደ ሆነ እንረዳለን።

1ኛ/ የመውደቅ ዋጋ ሲያንስ። በጌሙ ውስጥ አንድ ሞት የሚያስከፍለው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሳይፈራ ይሞክራል።

2ኛ/ የመውደቅ ምክንያት ሲታይ። የነካው እሾህ የትኛው እንደ ሆነ በዐይኑ ያየዋል። ማንም አላሳበቀበትም፤ ዕድልም አልከዳውም።

3ኛ/ መመለሻው ሲቀርብ። ማስቀመጫው አጠገቡ ስለ ሆነ እንደ ሰኞ ማክሰኞው ልጅ ከደረሰበት ይቀጥላል።

ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጨዋታው ራሱ ይበላሻል። ማስቀመጫ የሌለውን ደረጃ ጥቂቶች ብቻ የሚሞክሩት ለዚህ ነው። እነርሱም ቢሆኑ በመጀመሪያ ማስቀመጫ ባለው ደረጃ እያንዳንዱን ገጽ አጥንተው ነው።

ከዚህ በመነሣት ጥሩ ተጫዋቾች የሚከተሉት ልምድ ለማንኛውም ትምህርት ይጠቅማል። ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ ወዲያው «አር»ን ከመጫን በፊት «የት ነካሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሲሞክሩም አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅምና። ረጅሙን ገጽ ከፋፍለው ይለማመዳሉ። እጃቸው ሲደክም ትተው ይተኛሉ፤ የእጅ ሙያ በእንቅልፍ ጊዜ ይበልጥ እንደሚጸና በጥናት ተረጋግጧል። ማታ እምቢ ያለው ዝላይ ጧት በሦስተኛው ሙከራ እሺ ሲል በእኛም ደርሷል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

መ/ ከጌሙ ውጭ ያለው እሾህ

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ ጌም ብቻ ብለን አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት ከ100 ተፈታኝ 97 ያህሉ ወደቁ ተባሉ። በሳሪስም በየቤቱ «ወድቄያለሁ» ብሎ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ እኅት ወይም ወንድም አይጠፋም ነበር።

አሁን ከላይ ያየናቸውን ሦስት ነገሮች በዚህ ላይ እናስተያይ። የመውደቁ ዋጋ ትልቅ ነው፤ የ12 ዓመት ድካም በጥቂት ቀን ይመዘናልና። ምክንያቱ አይታይም፤ ተማሪው የሚደርሰው ቁጥር እንጂ የትኛው ጥያቄ ላይ ለምን እንደ ሳተ የሚገልጽ ወረቀት አይደለም። መመለሻውም ሩቅ ነው። በ2015 ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል ለተመረጡት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው፣ መጀመሩ አንድ ማስቀመጫ እንደ ማኖር ነበር። ለሌሎቹ ግን ማስቀመጫውን ቤተ ዘመድና ጎረቤት ካላኖረላቸው ማን ያኖርላቸዋል?

እዚህ ላይ የታላላቆች ድርሻ ይመጣል። 9ኛ ክፍል ያለ ታናሽ ወንድማችን በሒሳብ ሲወድቅ «ሰነፍ» ብሎ መስደብ ዋጋውን መጨመር ነው። አብሮት ተቀምጦ ደብተሩን ገልጦ «የትኛው እሾህ ነው የነካህ?» ማለት ምክንያቱን ማሳየት ነው። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ 9ኛ ክፍል ላይ አይገኝም፤ 5ኛ ክፍል በተማረው ክፍልፋይ ላይ ይገኛል። ከ1 ተነሥቶ 9ን ሲያሳድድ ከርሟል ማለት ነው። በየሳምንቱ አጭር የሙከራ ፈተና አውጥቶ ማረም ደግሞ ማስቀመጫውን ማቅረብ ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ታጋሽ ታላቅ ይበቃል።

ሠ/ ጥንቃቄ

ጌሙ መልካም ነገር አለው ስንል ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከጨዋታ መላቀቅ ማቃትን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም መቼና ምን ያህል እንደሚጫወቱ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ናቸው። ይህ ሁኔታ በአብዛኛው 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው ሕመም የሚባለው። ጌም የሚወድ ሁሉ ታማሚ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ከዚህም ሌላ በንዴት ኪቦርድ መምታት የጌሙን እሾህ አያነሣም፤ ኪቦርዱን ግን ይሰብራል። የእጅ አንጓ መታመም ሲጀምር ማቆም ይገባል። በአንዳንዶቹ ጌሞች ውስጥ ስድብና ለሕፃናት የማይገባ ሥዕል ስላለ ታላላቆች አስቀድመው ሊያዩዋቸው ያስፈልጋል። የሞት ቁጥርም መኩሪያ መሆን የለበትም፤ ሺህ ጊዜ ሞቶ አንድም ነገር ያልተማረ አለና።

ረ/ ከመጫወት ወደ መሥራት

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የእነዚህ ጌሞች ሠሪዎች በአብዛኛው ትላልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ እንደ እኛ ተጫዋች የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩበት «ጌምሜከር» የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሆላንዳዊው ማርክ ኦቨርማርስ የተጀመረ ሲሆን፣ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይገኛል። በአዲስ አበባም ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮን የሚያሳየው «ኩኩሉ» የተባለ ጌም በአገራችን ልጆች ተሠርቷል። ታዲያ የሳሪስ ልጅ የሰኞ ማክሰኞን መስመር በስክሪን ላይ ቢያሰምር ማን ይከለክለዋል? ለሌላው እሾህ የሚተክል ሰው ግን ማስቀመጫውንም የት እንደሚያኖር ማሰብ ግዴታው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መውደቅ እንዲያስተምር የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ከራሳችሁ ትምህርት ምሳሌ ስጡ።
2. ጥፋቱ ዝላዩ ላይ ሳይሆን አነሣሡ ላይ የሆነበት ነገር በኑሮአችሁ አጋጥሟችኋል?
3. በዚህ ሳምንት ለአንድ ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ማስቀመጫ ለማኖር ምን ታደርጋላችሁ?